የልብስ ሰፊው ኪስ

ልብስ ሰፊው ከሰኞ ጀምሮ ጣፋጭ ሊያቆም ነው። ይህ ስንተኛው ሰኞ እንደሆነ ሚስቱ መቁጠር ከተወች ቆይታለች። ሐኪሙ ግን አልቀለደም፤ «ስኳር ካልተዉ ዓይንዎን ነው የሚያጡት» ብሎታል። እንጀራው ደግሞ በዓይኑ ነው።

ስለዚህ ያቅዳል። ማቀድ ላይስ ማን ብሎት! ትርፍራፊ ጨርቅ ዘርግቶ ሳምንቱን በጠመኔ ይከፋፍላል፣ ያሰምራል፣ ቁርሱንና እራቱን ይደለድላል። መስመሩ ቀጥ ባለ ቁጥር ግማሹን መንገድ የተጓዘ ይመስለዋል። ከዚያ «ለመሰናበቻ» ብሎ የክሬም ኬክ ይገዛል። እንደ እሱ ከኬክ ጋር የተሰነባበተ ሰው የለም፤ በየሳምንቱ ይሰነባበታል።

እሑድ ከሰዓት አዲሱን እቅድ እያደነቀ ቆሞ ሳለ እጁ ሳያማክረው የሽርጡ ኪስ ውስጥ ገባ። ከትናንት በስቲያ የሸጎጠው ኬክ እዚያው ነበር። ክሬሙ ቀልጦ ከክር ቁርጥራጭ፣ ከጠመኔ ብናኝና የማን እንደሆነ ከማይታወቅ ፀጉር ጋር ተለውሷል። ሳያየው ጎረሰው። ምላሱ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጉንዳን ነው። አወቀ፤ አውቆም አኘከ፤ ዋጠ። እጁም የቀረውን ሊያመጣ ተመልሶ ነበር።

«ኤዲያ! ምን እየበላህ ነው?» አለች ሚስቱ በሩ ላይ ሆና።

«ምንም።»

«ክሩ ከአፍህ ተንጠልጥሎ?» ቀረብ ብላ ከከንፈሩ ላይ መዘዘችው፤ በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቷን አጨማደደች። «ሰኞ፣ ሰኞ ትላለህ። እጅህ ሰኞን የት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ኪስህን ነው።»

ኪሱን ወደ ውጭ ገለበጠው፤ የሻገተ ሽታው አፍንጫውን ሰነፈጠው። ራሱን ተጠየፈ። ዝቃጩን በመቀስ ጫፍ ፋቀና እዚያው በቆመበት የኪሱን አፍ ሰፍቶ ሊዘጋው ወሰነ። ሰኞን ያልጠበቀ የመጀመሪያ እቅዱ ይህ ነው።

መርፌ አነሳ። የክሩን ጫፍ በምራቁ ሊያሾል ከንፈሩ ላይ ሲያደርገው ጣፈጠው፤ ተፋው። ሌላ ክር ቆረጠ። ሞከረ፤ ሳተው። ደግሞ ሞከረ፤ ጣቱን ወጋው። ወደ መስኮቱ ሄዶ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አነሳ። ቀዳዳው ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ እንደገና አየ፤ የለም።

«ስሚ» አለ ዞር ሳይል።

«ምን ልስማ?»

«ነይ እስቲ... ክር አስገቢልኝ።»

ሠላሳ ዓመት ሲሰፋ ይህን ጠይቋት አያውቅም። መርፌውን ከእጁ ተቀበለችው፤ አልሳቀችም።