ያልተወቀረችው ጥግ

የእኛ ጋራ ጎመን እንኳ አያበቅልም። አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ ጥቁር ዓለት። ታች መርሳ ያሉት ያርሳሉ፤ እኛ ዓለቱን ፈልጠን የእጅ ወፍጮ እንወቅራለን። የወንዝ ድንጋይ ውኃ አሽቶት ልሙጥ ስለሆነ እህል ያንሸራትታል። የእኛው ግን ይነክሳል። እንደኔ ማለት ነው።

የመብራት ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ፈላጊ አልነበረንም። ጦርነቱ መጥቶ መብራት ሲጠፋ ግን ተወደድን! አባቴ ጀብሪል ሁለት ወፍጮ በአህያ ጭኖ ለማክሰኞ ገበያ ወልድያ ሄደ። «ጁምዓን እዚሁ ነው የምሰግደው» አለኝ። የትኛውን ጁምዓ እንደሆነ አልነገረኝም። በዚያው መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክም የለም። ይኸው ሁለት ወር።

ጎረቤቶቻችን ወደ ደሴ ሲሸሹ «ነይ እንጂ!» አሉኝ። እሱ ሲመጣ ማንን ሊያገኝ? ቀረሁ። አሁን የማወራው ከፍየሏ ጋር ነው፤ እሷም ሲሰለቻት ፊቷን ታዞራለች።

ቤት ውስጥ አባቴ ለኔ ጀምሮ ያልጨረሰው ወፍጮ አለ። ግራኝ ስለሆነ የመሮው ምት ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው። ሲከፋኝ በጣቴ እዳስሰዋለሁ።

ትናንት ትብለፅ የሚባሉ ሴት ሁለት ልጆች አስከትለው ዳገቱን ወጡ። ከቆቦ ተፈናቅለው ታች ባዶ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያሉት። ማሽላ በነጠላ ቋጥረዋል።

«ልጄ፣ መፍጫ አጥቼ እየቀቀልኩ ነው የማበላቸው። ትንሹን ሆዱን አመመው።»

«ወፍጮ የለም።»

«ያውና!»

«እሱ የኔ ነው። አላለቀም።»

«ማን ሊጨርሰው?»

«አባቴ።»

«የት አሉ?»

ወደ ወልድያው መንገድ ዞሬ አየሁ። አዲስ ዓለት መፈንቀል ለብቻዬ አልችልም። ይሄን ለመጨረስ በላዩ ብወቅር ደግሞ የአባቴ ምት ይጠፋል።

ትንሹ ልጅ ጥሬ ማሽላ ይቆረጥማል።

«አንተ፣ አፍህን ወፍጮ አደረግከው እንዴ?» አልኩት። መሮውን አነሳሁ።

ስወቅር ዋልኩ። የእኔ ምት የእሱን እየዋጠ ሄደ። ከዳር አንድ መዳፍ የምታህል ጥግ ስትቀረኝ መዶሻውን አስቀመጥኩ።

ትብለፅ ተንበርክከው መፍጨት ጀመሩ። ድንገት ቆም አሉ።

«ይቺ ጥግ ተረሳች እኮ።»

«አልተረሳችም። እዚያ ላይ አይፍጩ፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«ባለቤት አላት።»

አዩኝ። ከዚያ መጁን ከጥጉ መለስ እያደረጉ ፈጩ።

ሲሄዱ ጥጉ ላይ የተበተነውን ዱቄት እፍ አልኩት። የመሮ ነጥቦቹ አሁንም ወደ ቀኝ አጋድለዋል።