ማን ሊሄድ ነው?

ወንድሜ ዲስኩን ነቅሎ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ እንደወጣ ኮምፒውተሩን አበራሁት። አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን ብቻ። የክሊኒኩን ፕላን እስከ ቀትር ካልላክሁ ሥራው ለሌላ ነዳፊ ይሰጣል፤ ፕላኑ ደግሞ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ። መስኮቱን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት።

በአንድ ኮምፒውተር ነበር ሁለታችን የምንሠራው። እሱ ለፕሮግራሙ፣ እኔ ለንድፌ የምንፈልገው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለሚለያይ፣ እንዳንጣላ ብለን ለየራሳችን ዲስክ ገጠምን። ሲበራ ሁለቱን ደርድሮ «የትኛው?» ይላል። ትንሽ ከዘገየሁ ወደ እሱ ይገባል፤ በዚህ ስንት ጠዋት ተነጫንጫለሁ።

ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቱን የነገረኝ ሻንጣውን ከሸከፈ በኋላ ነው። ደሜ ፈላ። «የአንተ የሆነውን ሁሉ ይዘህልኝ ውጣ፣ ብሎን እንኳ እንዳትተው» አልኩት። አልተወም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደወልኩ።

«አቤት፣ እታለም?»

«ኮምፒውተሩን ምን አድርገህብኝ ነው የሄድከው? አልነሳም አለ እኮ።»

ከጀርባው የአውቶቡስ ረዳት ይጮሃል።

«ማስነሻው እኔ ዲስክ ላይ ነው ያለው። ያንቺ የራሱ ማስነሻ እንዲኖረው ስጭነው የኔን መንቀል ነበረብኝ፣ አልነቀልኩትም።»

«ለምን?»

«ማን ሊሄድ ነው ብዬ።»

ልሰድበው ነበር፤ «ና፣ ተመለስ» ብቻ አልኩት።

ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ፤ አውቶቡሱም አመለጠው። ሻንጣውን በር ላይ ጥሎ ተንበረከከና ዲስኩን ሰካው። ኮምፒውተሩ ነቃ፣ ፕላኑን ላክሁ። ከዚያ ማስነሻውን እኔ ዲስክ ላይ ይሠራልኝ ጀመር። እኔ ከኋላው እንቆራጠጣለሁ።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ ወለሉ አለቀ እኮ።»

«አትቸኩል» አልኩት። ይህን ቃል በዕድሜዬ ለማንም ብዬ አላውቅም። ዞር ብሎ አየኝ። ሥራውን ግን ጨረሰው።

ዲስኩን ነቅሎ ኪሱ ከተተና «በይ አብሪው» አለኝ። አበራሁት። «የትኛው?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ በቀጥታ ወደ እኔ ገባ።

«ይኸው፣ ከእንግዲህ እኔን አትፈልጊም» አለ።

ሻንጣውን ቀምቼ እስከ መናኸሪያው ሸኘሁት፤ በመንገድ ላይ እንደ ልማዴ አልቀደምኩትም።