የላይኛው ፎቅ ኮቴ

ሺዙኤ ከነጋ ጀምሮ አንድ ቦታ አልተቀመጠችም። የድመቷን የአሸዋ ሳህን ከመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ወደ መስኮቱ ሥር ወሰደችው፤ ደስ ስላላላት መልሳ ወደ ጥጉ አመጣችው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹን በሙሉ ከቁምሳጥን ጀርባ ደብቃለች። ከውጭው በር ቀጥሎ ሌላ የእንጨት በር አስገጥማለች፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ተዘግቶ እንዲጠብቅ። ድመቷ ዛሬ ከሰዓት ትመጣለቻ! በስልሳ ስምንት ዓመቷ እንዲህ ጓጉታ የምታውቀው መቼ እንደሆነ ብትጠየቅ ሠርጓን እንኳ አትጠራም ነበር።

ፍርሃትም ነበረባት። ሁለት የድመት አሳዳጊ ማኅበራት ዕድሜዋን ሰምተው "ይቅርታ እትዬ፣ ከድመቷ ቀድመው ቢሄዱስ?" ብለው መልሰዋታል። በመጨረሻ ያገኘቻት ቶኩናጋ የምትባል ሴት ግን ኪናኮ የተባለች አሮጊት ድመት ነበረቻት፤ ፈላጊ ያጣች። "ቤቱን በዓይኔ አያለሁ፤ ካልጣመኝ ሳጥኑን ሳልከፍት ይዣት እመለሳለሁ" ብላ በስልክ ቁርጡን ነግራታለች።

ባለፈው ሳምንት ሺዙኤ እንደ ሰፈሩ ደንብ ፎጣና የባቄላ ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልላ ከሥሯ ወደሚኖሩት ወደ ጋሼ ኩራሞቺ ወርዳ ነበር፤ ለሚመጣው ጫጫታ ከወዲሁ ይቅርታ ለመጠየቅ።

"ከራስዎ በላይ የሚሮጥ እግር ሊኖር ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"አይ እትዬ ሺዙኤ! በድመት አቆጣጠርማ የእኔ እኩያ ናት፤ የት ትሮጣለች?"

"እንዲያ አይበሉ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።"

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። በማግስቱ ካቻቪቴ ይዘው መጡና በረንዳውን ዙሪያውን በመረብ አጠሩላት። "በዚህ በኩል ድመት ቀርቶ ትንኝ ካመለጠ እኔ ኩራሞቺ አይደለሁም" እያሉ።

ግን በዚያ ሰፈር ስጦታ የተቀበለ ሰው ስጦታ ሳይመልስ እንቅልፍ አይወስደውም፤ መረቡን ደግሞ ሰውዬው ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ዛሬ ጠዋት ነጭ ሊሊ አበባ አቅፈው ደጇ ቆሙ።

"ለባለቤትዎ ነው። ይወዱት አልነበር?"

ሺዙኤ ሁለት ጊዜ "ኧረ አይገባም" አለችና በሦስተኛው ተቀበለች። ባሏ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ፎቶው ሰሌን ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል፣ ትንሽዬ የመታሰቢያ ቁምሳጥን ውስጥ ሆኖ ይስቃል። አበባውን ከፊቱ አኖረችለት፤ አሁን ቤቱ እንግዳ ለመቀበል ሙሉ ሆነ።

ቶኩናጋ ሳጥኑን ይዛ ስትመጣ ጋሼ ኩራሞቺም "መረቡን ላስረዳ ብዬ ነው" ብለው ተከትለዋት ገቡ። ከሳጥኑ ውስጥ የሻከረ "ሚያው" ተሰማ።

ቶኩናጋ መረቡን በጣቷ ሳበች፤ በሮቹን ከፍታ ዘጋች፤ ከፍሪጅ ጀርባ ሳይቀር አጎንብሳ አየች። "እንዲህ የተሰናዳ ቤት አይቼ አላውቅም" አለች። ከዚያ የሰሌን ክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ባለችበት ቆመች።

"ይሄን አበባ ማን አስገባው?"

"ምነው?" አለች ሺዙኤ።

"ሊሊ ለድመት መርዝ ነው እትዬ። ዱቄቱ ጠጉሯ ላይ አርፎ ከላሰችው ኩላሊቷ አለቀ።" በጣቷ ወደ ታች አመለከተች። ምንጣፉ ላይ ብጫ ዱቄት ተበትኗል።

ሺዙኤ ክው አለች። ሽማግሌው ከኋላዋ እንደቆሙ ታውቃለች። አንድ ቃል ብትናገር ጥፋቱ ከእሷ ይወርዳል፤ ስጦታ ያመጣላትን ሰው እንግዳ ፊት ማሳፈር ግን አልሆነላትም።

"እኔ ነኝ የገዛሁት። አላወቅሁም።"

ቶኩናጋ ሳጥኑን አነሳች።

"ውሸታቸውን ነው!" ብለው ጮኹ ጋሼ ኩራሞቺ። "ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ጅሉ! ጣፋጭ በልቼ ባዶ እጄን መቅረት ከብዶኝ!" አበባውን ከነማስቀመጫው አንስተው ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወረዱት። እያለከለኩ ሲመለሱ ሺዙኤ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ተንበርክካ ነበር፤ ከጎኗ ተንበረከኩ። ሁለቱ አዛውንቶች ምንጣፉን ስንዝር በስንዝር ጠረጉት። ሺዙኤ ወደ ፎቶው ቀና አለች።

"አንተዬ፣ ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ ሊሊ የለም" አለችው።

ቶኩናጋ አሁንም ሳጥኑን አላወረደችም። "ምንጣፉ ጸድቷል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው" አለች ቀስ ብላ። "የኪናኮ የቀድሞ ባለቤት ብቻቸውን ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ሰው ሳያውቅ ቀናት አለፉ። እርስዎም ብቻዎን ነዎት። ማን ያውቅልዎታል?"

ሺዙኤ ልጅ የላት፣ እህት የላት።

"እኔ አውቃለሁ" አሉ ጋሼ ኩራሞቺ፣ ጨርቁን እንደያዙ። "ከሥር ነው የምኖረው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የእትዬ ሺዙኤን ኮቴ ስሰማ ነው የምውለው። ጠዋት ወጥ ቤት፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ፣ ከዚያ እዚህ ፎቶው ፊት። አንድ ቀን ኮቴው ካረፈደ በሩን ገንጥዬ እገባለሁ። ድመቷን ደግሞ አብራኝ ያለችው ልጄ ትወስዳለች፤ ተነጋግረናል።"

ሺዙኤ ዞር ብላ አየቻቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስትራመድ የሚሰማት ሰው ያለ አልመሰላትም ነበር።

ቶኩናጋ ተንበረከከችና ሳጥኑን ከፈተች።

ኪናኮ ወጣች፤ እንደ ስሟ የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት የምትመስል፣ ወፍራም፣ አኩራፊ። የተዘጋጀላትን አልጋ በንቀት አልፋ ቁምሳጥን ሥር ገባችና የቀረውን ቀን እዚያው ዋለች።

አመሻሽ ላይ ሺዙኤ ሩዟን ስትበላ ድመቷ ሹልክ ብላ ወጣች፤ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ተንጠላጥላ ወጣችና ከዚያ ወለሉ ላይ ዱብ! ሳህኖቹ ተንቀጫቀጩ። ሺዙኤ በድንጋጤ ወደ ወለሉ ጎንበስ አለች፤ ይቅርታ ልትል።

ከሥር፣ ከጋሼ ኩራሞቺ ቤት፣ በመጥረጊያ እንጨት ጣራው ሁለቴ ተመታ። ኳ፣ ኳ።

በሌላ ቤት ቢሆን "ጫጫታው በዛ" ማለት ነበር። ሺዙኤ እየሳቀች ብድግ አለችና ወለሉን በተረከዟ ሁለቴ መታችው፤ አለን፣ ስትል።