የያዕቆብ ሹልዳ

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ያዕቆብ ግራ ዳሌው ተቀይሮ ከሆስፒታል ከወጣ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ሊጠይቀው የሚመጣ ጎረቤት ሁሉ ያንኑ ቀልድ ይዞ ይገባል፤ ስምህ ነው ያመጣብህ፣ ያኛውም ያዕቆብ ከመልአክ ጋር ሲታገል አድሮ ሹልዳውን ተነካ ይሉታል። እሱም ይስቅና መልሶ ይተክዛል። አጥንቱ ወጥቶ ብረት መግባቱን ለምዶታል። ያልለመደው የጉድጓዱን ነገር ነው።

ሸማኔ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ መርገጫ እየረገጠ ነው የሚሠራው። ቤት ድረስ እየመጣች እንቅስቃሴ የምታሠራው ሰምሀል ግን ዳሌውን ከዘጠና ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ ከልክላዋለች። የመጀመሪያ ቀን፣ «እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው፣ ዘጠና ዲግሪ ከየት ላምጣልሽ?» ብሏት በሳቅ ገድሏት ነበር። ባለፈው ግን አልሳቀችም። እስከ ሐሙስ ግራ እግርዎ ራሱን ችሎ ካልተነሳ የጉድጓዱን ነገር ይርሱት አለችው።

ሐሙስ ጠዋት ሰምሀል ደጃፉ ላይ ቆማ እያየችው ጠረጴዛ ተደግፎ ቆመ። ሚስቱ ደሳለች ትቆጥርለታለች። አንድ። እግሩ ከመሬት አልላቀቅ አለ። ሁለት። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፤ እግሩ እንደ ሰው ንብረት ዝም። ዐሥር ሲሞላ ደሳለች መቁጠሩ አንገሸገሻት። ሠላሳ ዓመት ጥጥ ፈትላለታለች እንጂ የሽመና ዕቃውን በቤታቸው ወግ ሴት አትነካውም። ያን ቀን ግን ሄዳ ማግ የሚጠብቅበትን መምቻ ሳበችና ድሩን መታችው። ጧ። ደግማ፣ ጧ።

ያዕቆብ ተቆጣ። ሳይረገጥ፣ ድሩ አፉን ሳይከፍት፣ ማግም ሳይገባበት ይመታል እንዴ?

«ቆይ አንቺ ሴት፣ መጀመሪያ ይረገጣል» አላትና ሊያሳያት ሲል ግራ እግሩ ብድግ አለ። ወረደ። ቀኙ ተነሣ። ግራው ደግሞ፣ ማንም ሳያዘው።

ደሳለች እጇ አየር ላይ ቀረ። ያዕቆብ ቁልቁል እግሩን አየ። አጥንቱ የሠላሳ ዓመቱን ልማድ ይዞ ሳይሄድ አልቀረም ብሎ ነበር፤ ታዲያ ይኼን ብረት ማን አስተማረው? ቤቱ ቅዳሴ የገባበት መሰለ።

ሰምሀል ከደጃፉ ገባ ብላ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ከፍ ያለ መቀመጫ ያሠሩ፣ ዝቅ ሳይሉ እግርዎ መርገጫው ላይ ይደርሳል፣ የዛሬ ወር እንጀምራለን አለችው። የሰማትም አይመስል። ዓይኑን ከእግሩ ሳይነቅል፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚፈራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ደሳለች» አለ፣ «እስቲ ደግመሽ ምቺው።»