ማይኩን ስጡኝ እንጂ ጣዲቻ ይፈርማል

ነገሌ ውስጥ እንደኔ ማይክ የሚይዝ ሰው የለም። ይህን የምለው ራሴን ላሞግስ ብዬ አይደለም፤ ሌላው ስለማይችል ነው። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት ትምህርቱ ከብዶኝ ሳይሆን አባቴ ሱቁ ውስጥ የሚቀመጥለት ሰው አጥቶ ነው። ጫማና ባትሪ ስሸጥ ድምፄ ከመናኸሪያው ማዶ ይሰማል። ስለዚህ አቶ ባስልዮስ የሚባል ሰውዬ ከአዲስ አበባ የሬስሊንግ ቡድን ይዞ ሲመጣ፣ ማይኩ ለማን እንደሚገባ ወዲያው ታየኝ።

ሰውዬው ራሱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በዚያ አቧራ ነጭ ሱሪ ይለብሳል፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቅም። የፈለገው ጣዲቻን ነው። ጣዲቻ የአጎቴ ልጅ ነው፣ እኛው ቤት ያደገ። ፊልቱ፣ ተልተሌ፣ የተጠራበት ሁሉ እየሄደ እየተከፈለው ይታገላል። ቁመቱ የስልክ እንጨት፣ ልቡ የጫጩት። ባስልዮስ የአምስት ዓመት ውል አቀረበለት። እኔን ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶ እሱን ካስፈረምሽልኝ ማይኩ ያንቺ ነው፣ አብረሽን ትዞሪያለሽ አለኝ። አባቴም ከጣዲቻ ጋር ከሆነ ትሂድ አለ። ያንኑ ቀን ጓደኛዬን ዮርዲን ሻንጣሽን አውሺኝ አልኳት።

ጣዲቻ ግን መፈረሙን ትቶ ሰው መጠየቅ ያዘ። ሥጋ ሻጩን ጠየቀ፣ የአይሱዙ ሾፌሮችን ጠየቀ፣ ጡረታ የወጡትን መምህር ጋሽ ሸዋንግዛውን ጠየቀ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አንብበው አንብበው፣ ውሉ ረጅም ነው አሉት። ይህን ለማወቅ ነው እንግዲህ መምህር የተኮነው። ጣዲቻን የከነከነው አንዲት መስመር ናት፤ ግጥሚያ የሚቆመው በባስልዮስ ፊሽካ ብቻ ነው ትላለች።

"ሽማግሌ መሀል ቢገባስ?" አለኝ አንድ ቀን፣ ሱቃችን ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ።

"ሬስሊንግ ላይ ደግሞ ምን ሽማግሌ ይገባል?"

"ቢገባስ?"

አምስት ዓመት ሙሉ እየተከፈለው ሊኖር የሚችል ሰው፣ ያልመጣ ሽማግሌ ያስጨንቀዋል። ጫማ ሲገዛም እንደዚሁ ነው። ግራውን ይለካል፣ ስለ ቀኙ ያስባል፣ በአሮጌው ይመለሳል።

በመጨረሻ ባስልዮስ ሰለቸው። ወደራ ከተማ ላይ ከምናሳየው ግጥሚያ በኋላ፣ ዕቃው ሳይጫን ትፈርማለህ፣ አለዚያ ሌላ ሰው አለኝ አለው። ለእኔም ማይኩን ለሙከራ ሰጠኝ።

ወደራ የገበያ ቀን ነበር። ገበያው ዳር ጭድ የተሞላ ጆንያ ደርድረው ሸራ አለበሱት፣ ዙሪያውን ገመድ ወጠሩ። ጣዲቻን የሚገጥመው ነጎድጓድ የሚሉት ባለ ጭንብል ነው። ጠዋት ጨጓራዬን እያለ አጥሚት ሲጠጣ አይቼዋለሁ፣ ነጎድጓድ ተብዬው። ነገሩ ሁሉ አስቀድሞ የተነጋገሩበት ነው፤ እሱ በቆርቆሮ ወንበር ይመታዋል፣ ጣዲቻ ይወድቃል፣ በሳምንቱ ነገሌ ላይ ይበቀላል። ተመልካቹ ፍየል ሊገዛ የመጣ ነውና አፉን ከፍቶ ዝም ብሎ ያያል። ነፍስ መዝራት የእኔ ሥራ ሆነ። ወንበሩ ሲነሳ ጣዲቻን ሆኜ ጩኸቱን ለቀቅኩት፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ፤ ገደለኝ፣ የሰው ያለህ፣ ድረሱልኝ። ድምፅ ማጉያው ገበያውን አናወጠው።

ያኔ ከቅቤ ተራ በኩል እልልታ ተሰማ። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። ሲንቄ የጉጂ ሴት ስታገባ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት፤ እሷ መሀል ከገባች ወንድ ልጅ እጁን አያነሳም። አዴ ጃለኔ የሚባሉ አሮጊት ከፊት ሆነው በገመዱ ሥር ሾልከው ገቡ። ነጎድጓድ ምን ያውቃል፣ የትርዒቱ አካል መስሎት ወንበሩን ደግሞ አነሳ። ጣዲቻ ከወደቀበት ተነስቶ ክንዱን ያዘው።

"አውርደው። ሲንቄ ነው።"

ባስልዮስ ፊሽካውን ነፋ፣ ሴቶቹን አስወጡና ቀጥሉ ብሎ ጮኸ። ማን ሰምቶት። ሴቶቹ ሁለቱን ጎረምሶች መሬት አስቀምጠው አስታረቁ፣ ዳግመኛ አንዱ በሌላው ላይ እጁን ላያነሳ አስማሏቸው። ነጎድጓድ ጭንብሉን አውልቆ ማለ። ፊቱ ገና ጢም የሚለምን ነው።

ባስልዮስ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ስንት ሳምንት ሲያላምጥ የከረመው ጣዲቻ እስክሪብቶውን እንኳ አልተቀበለም።

"አንቱ ፊሽካ ነፉ፣ እኔ አልቀጠልኩም" አለው። "ነገም ሲንቄ ከመጣች አልቀጥልም። ታዲያ ምን ብዬ ልፈርም?"

ይህን ብሎ ፊቱን ሊታጠብ ሄደ። ባስልዮስ ማይኩን ከእጄ ወስዶ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

እኔ ግን እንደ ጣዲቻ አይደለሁም፣ በቀላሉ አልተውም። ቅቤ ተራ ሮጬ ናጋ ብዬ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ አዴ ጃለኔ ፊት ቆምኩ። ወንበሩ ቆርቆሮ መሆኑን፣ ጠዋት ተነጋግረው የወጡ መሆኑን፣ እዚህ ቅቤ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ትርዒት ምን እንደሆነ ባያውቁ እንደማልፈርድባቸው፣ ሁሉንም በአንቱታ አስረዳኋቸው። አሁን መጥተው መሐላውን ለጣዲቻ ያንሱለት አልኳቸው። እሳቸው ቅቤያቸውን በቅጠል መጠቅለላቸውን አላቋረጡም።

"ወንዶቹን ማን አየ?" አሉኝ። "ከዚህ የተሰማው ያንቺ ጩኸት ነው። ባሏ የሚገድላት ሴት መስላን ሮጥን። ማንም ሳይነካሽ ነው ለካ እንዲያ የምትጮኺው።"