የኦኬሎ ፓስፖርትና የእሑዱ ግዝት

የመንዝ ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ በታኅሣሥማ አይጣል ነው! ይህን ለኦኬሎ ማን ይንገረው? ኦኬሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ አማርኛም የለመደ የኡጋንዳ ልጅ ነው። በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ጭላዳ ዝንጀሮ ልይ ብሎ ከሁለት ታንዛንያውያን ጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ መጣ። ያረፉት ዘመሮ ከተማ አጠገብ፣ የክፍላቸው ልጅ የፅዮን ወላጆች ቤት ነው።

እሑድ ጠዋት ፓስፖርቱ የውሃ ሽታ ሆነ። ሻንጣውን ገለበጠ፣ ካፖርቱን አራገፈ፣ የሱሪውን ኪስ ደጋግሞ ፈተሸ፤ የለም። ረቡዕ ለእህቱ ሰርግ ሊበር ቲኬት ቆርጧል፤ ያለ ፓስፖርት ማን ያሳፍረዋል?

«ሻንጣዬን የነካው ጌጡ ብቻ ነው» አላት ፅዮንን፣ በሹክሹክታ። ጌጡ ሻንጣውን ከመኪና መንገዱ በአህያ ጭኖ ያመጣለት ጎረቤት ነው። ወሬ መቼ ይደበቃልና! ቅዳሴ ሳያልቅ ነገሩ ደብሩን አዳረሰው። ጌጡ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፎ ብቻውን ቀረ፤ ሰላም የሚለው ጠፋ። ሚስቱ አረጋሽ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ ታለቅሳለች።

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ገብረ አማኑኤል ተቆጥተው መስቀላቸውን አነሡ።

«የእንግዳ ዕቃ ጠፍቶ የአገራችን ስም ይጥፋ? ያገኘ፣ የደበቀ፣ አይቶም ዝም ያለ፣ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላመጣ የተገዘተ ይሁን!»

ሕዝቡ አጎነበሰ። ከፅዮን ጎን የቆመው ኦኬሎም ለወጉ አብሮ ጎንበስ ሲል አንድ ደረቅ ነገር ጭኑን ወጋው። ክው አለ። ለካ ትናንት ብርዱ ሲጠናበት በለበሰው ሱሪ ላይ ሌላ ደርቦ ኖሯል፤ ጠዋት የፈተሸው የላይኛውን ብቻ ነው!

ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ግን ጌጡን አየው፤ አላስችል አለው።

«አባቴ፣ እኔ ጋ ነው!» ብሎ ጮኸ፣ እጁን በሁለቱ ሱሪዎች መካከል እንደ ሰደደ።

እልልታው ቀለጠ። «እሰይ! እንኳን ከእኛ አልሆነ!» እያሉ ሽማግሌዎቹ ተቃቀፉ። መምሬም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «በል ና፤ የደበቅኸውም ያገኘኸውም አንተ ነህና መጀመሪያ አንተን ልፍታ» አሉት።

ኦኬሎ እፎይ አለ። ከመስቀሉ ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ጌጡ ሄደ። «ይቅር በለኝ፤ አንተን ነው የጠረጠርኩት።»

ጌጡ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ ያለቅሳልም፣ ይስቃልም። ጎትቶ አቀፈው።

«ተወው አንተዬ! አገር ሁሉ እንዲያ ሲያየኝ እኔስ ራሴን መቼ አመንኩት? ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ኪሴን ፈትሻለሁ።»