ለአንዲት ኩላሊት ሦስት ቧንቧ

ሁለቱ እህትማማቾች መንታ ብቻ ሳይሆኑ ቁርጥ አንድ ናቸው። እናታቸው በሕይወት ሳለች አንዷን ሁለቴ አጥባ ሌላዋን ሳታጥብ ታስተኛ ነበር ይባላል። ጸጉር ሠሪዋ፣ ሁሉ ነገር ስለሚያስቃት፣ ፍልቅልቅ ትባላለች። የሒሳብ አስተማሪዋ ደግሞ ድምፅዋ ስለማይሰማ ጭምት ናት። ዝም ካሉ ግን አለቀ፤ የሚለያቸው የለም። ተማሪ ሳሉ ፍልቅልቅ የሒሳብ ፈተናዋን አንድም ቀን ራሷ ተፈትና አታውቅም። ጭምትም ብትሆን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚመስል የምታውቀው በወሬ ነው።

አባታቸው ዕድሜያቸውን በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት የፈጁ ሰው ናቸው። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ እጥበት ከጀመሩ ወዲህ ሁለቱ ልጆች «እኔ ነኝ የምሰጠው» እየተባባሉ ሲነታረኩ ከረሙ። የደም ምርመራው ሁለቱም ለአባታቸው እኩል እንደሚሆኑ ስላሳየ ጭቅጭቁ ባሰ።

«ታላቅ እኔ ነኝ» ትላለች ፍልቅልቅ።

«በደቂቃ ነው እኮ!»

«ደቂቃም ደቂቃ ነው!»

በመጨረሻ የሆዳቸው ሲቲ ስካን ተነሣና ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱንም ጠሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ምስሎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ።

«አብዛኛው ሰው ለእያንዳንዱ ኩላሊት ደም የምትወስድ አንድ አንድ ቧንቧ አለችው» አሉ። ወደ ጭምት ዞረው «የአንቺ እንደዚያው ነው። የአንቺ ግን…» ፍልቅልቅን አይተው ፈገግ አሉ። «በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሁለት።»

ፍልቅልቅ ከወንበሯ ተነሣች። «በሽታ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ትርፍ ቧንቧ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ አንቺ ትንሽ አበዛሽው እንጂ። ኩላሊት በማህፀን ውስጥ ከታች ተነሥታ ወደ ላይ ትወጣለች። ስትወጣ አዲስ ቧንቧ እየያዘች የድሮውን ትለቃለች። የአንቺዎቹ የያዙትን አልለቀቁም።»

«መንታ አይደለን እንዴ?» አለች ጭምት።

«መልክ ቢመሳሰልም ቧንቧ በራሱ መንገድ ይሄዳል።»

ፍልቅልቅ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ከተወለደች ጀምሮ የራሷ ብቻ የሆነ ነገር ሲኖራት የመጀመሪያዋ ነበር! ምስሉን ወደ ስልኳ አስልካ በሩን ከፍታ በረረች። ጸጉር ቤት ገብታ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ለተቀመጡት ደንበኞች ሁሉ አሳየች። ማታ ለአባቷ ስታሳያቸው እሳቸውም ስልኩን ራቅ ቀረብ አድርገው አዩና፣

«ለአንድ ፌርማታ ሦስት መስመር!» አሉ። «እኛ ይኼን አጥተን ነው ሕዝቡ ሲሰድበን የኖረው።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሲስቁ ጭምት ገባች።

«ሳትጨርሺ ሮጥሽ እንጂ» አለቻት። «ሦስት ቧንቧ መስፋት ጊዜ ይወስዳል፤ ከሦስቱ ቀጭኗም ልትደፈን ትችላለች ብለዋል። ቀላሏ እያለች ምን አስቸገረን ብለው የኔን መርጠዋል።»

የፍልቅልቅ ሳቅ አፏ ላይ ቀረ። ጭምት መርፌ ገና ስታይ ላብ ላብ የሚላት ሰው ናት። እሷ ተቀድዳ እኔ ቁጭ ብዬ ላይ? አለች በሆዷ። ደግሞስ ሰው ሁሉ እንዲያ ያሞገሰላት ኩላሊት ልትቀር?

አልጋ የሚያዝበት ቀን ሲደርስ የጭምትን መታወቂያ ከቦርሳዋ ሰርቃ፣ ጸጉሯን እንደ እሷ ወደ ኋላ አሲዛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሆስፒታል ገባች። ነርሷ የጭምት ስም ያለበትን አምባር አሰረችላት። ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ።

ዶክተሩ አልትራሳውንዱን እያስገፉ መጡ። «ነገ የምናገኛትን ኩላሊት ሰላም ልበላት» ብለው ቀዝቃዛውን ቅባት ጎኗ ላይ ቀቡ። ፍልቅልቅ ጥርሷን ነከሰች። ትንፋሿን ዋጠች። መሣሪያው የጎድን አጥንቷን ሲነካት ግን መቋቋም አልቻለችም፤ ክትክት ብላ ሳቀች።

ዶክተሩ ስክሪኑን፣ ከዚያ እሷን አዩ። «ይቺ ከታች የምትገባው ቧንቧ ከየት መጣች?»

«ትናንት የበቀለች ይሆናል» አለች ፍልቅልቅ።

ይኼኔ መታወቂያዋን ከቦርሳዋ ያጣችው ጭምት እያለከለከች በሩን በርግዳ ገባች። ነርሷ የያዘችውን ትሪ ለቀቀችው።

ዶክተሩ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ለአንዲት ተዘጋጅተን ሦስት ብናገኝ አባትሽ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሆኑ ነበር?»

ፍልቅልቅ አቀረቀረች። «ይቅርታ፣ ዶክተር። እሷ መርፌ ትፈራለች፤ እኔ ልቀደድላት ብዬ ነው።»

«እፈራለሁ» አለች ጭምት። «እየፈራሁ እሰጣለሁ። ለመሆኑ እኔን መስለሽ ስንት ሰዓት ዝም አልሽ?»

«አንድ ሰዓት አይሞላም። ልሞት ነበር!»

ጭምት ሳቅ አፈናት፤ ከዚያ አመለጣት። ፍልቅልቅም ተከተለቻት። ሁለቱ አልጋው ላይ ተደጋግፈው ሲንከተከቱ ነርሷ ግራ ገባት።

«ኧረ ዶክተር፣ አሁን የምትተኛዋ የትኛዋ ናት?»

ዶክተሩም በመጨረሻ ተሸነፉ። እየሳቁ አልትራሳውንዱን በሁለቱም ጎን ላይ አስኬዱና፣ አምባሩን ወደ ትክክለኛዋ እጅ አዛውረው፣ የጭምት ክንድ ላይ በእስክሪብቶ «ይቺ ናት» ብለው ጻፉ።

በማግስቱ ፍልቅልቅ ኮሪደሩን ስትመላለስበት ዋለች። ያለ ወትሮዋ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ጥበቃው እንኳ አሳዝናው ወንበር አመጣላት። ከዚያ በሩ ተከፈተና ዶክተሩ ጭንብላቸውን አወረዱ።

«ጭምት ደህና ናት፤ ነቅታለች። አባትሽም… ገና ሳንሰፋቸው ኩላሊቷ ሽንት አወጣች!»

«ሸኑ?»

«እንዴት ያለ ሽንት!»

«አባባ ሸኑ!» ብላ ጮኸች ፍልቅልቅ። «እናንተ ሰዎች፣ አባቴ ሸኑ!»

ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ የማታውቃቸው ሰዎች እንኳን ደስ ያለሽ እያሉ ተነሡ። ጥበቃው «ኧረ ቀስ፣ ሆስፒታል ነው!» እያለ ሮጦ ሲመጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ኮፍያውን ወለሉ ላይ ጣለችው።